ሲስተሙ የት ሄዶ ነው?

«ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ የከተማ ሰው አለ ብዬ አላምንም። ባንክ ሂዱ፣ የውኃ ሒሳብ ልትከፍሉ ሂዱ፣ አንድ ማስረጃ ልታወጡ ሂዱ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ቀና ሳይል ይነግራችኋል። ለምደነዋል። ቡና ጠጥተን እንመለሳለን፤ ካልሆነም ነገ እንላለን።

ከቃሉ ወረዳ ገጠር ማልደው ተነሥተው ኮምቦልቻ ወደምሠራበት ቅርንጫፍ የመጡ አንዲት እናት ግን አልለመዱትም ነበር። የደመወዝ ሰሞን ስለሆነ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ደረጃው ላይ ወርዷል። ተራቸው ደርሶ «እማማ፣ ሲስተም የለም» ሲባሉ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «የት ሄዶ ነው ልጄ?» አሉ። ሰልፉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ከደሴ ነው እንዴ የሚመጣው? እኔም እኮ ወደዚያው ነኝ። ልጄ ሆስፒታል ተኝቶብኛል፤ ለመድኃኒት ገንዘብ ይዘሽ ነይ ብለውኛል።» ያን ጊዜ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

እኔ የዚያ ቤት የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። ከኋላ ገብቼ ራውተሩን አየሁት። መብራቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው፤ መስመሩ አልተቆረጠም። አዲስ አበባ ወዳለው ማዕከል ፒንግ ላክሁ። በሌላ ቀን በ15 ሚሊ ሴኮንድ የሚመለሰው መልስ ሁለት ሴኮንድ ፈጀ፤ አንዳንዱም ጭራሽ አልተመለሰም። ሲስተሙ የትም አልሄደም ነበር። የገንዘብ ከፋይዋ ጥያቄ ወረፋ ይዞ ተቀምጧል። ከፊቱ የተሰለፈው ማን እንደሆነ ሳይ አፈርኩ፤ የግቢያችን የደኅንነት ካሜራዎች ናቸው። ባለፉት ቀናት የቀረጹትን ቪዲዮ፣ ማለትም ባዶ ኮሪደርና የተዘጋ በር፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እየገለበጡ ነው።

ግልበጣው ሌሊት እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብዬ 9:00 ጻፍኩ። ማሽኑ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠራ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ልክ በራችን ተከፍቶ ሰው ሲገባ፣ ሥራውን ጀመረ። ካሜራውን አስቆምኩት። እናታችን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገንዘባቸውን ይዘው ወጡ፤ ሲያልፉም «መጣ እንዴ?» አሉኝ። «መጣ እማማ» አልኩ። ምን ልበል?

የሰዓቱ ስሕተት ወዲያው ታረመ። ሌሊቱን አልተኛሁም እንጂ። አንድ የቪዲዮ ግልበጣ የአንድን ቅርንጫፍ ሥራ በሙሉ አንቆ ሊይዝ ከቻለ፣ ነገ ሌላ ነገር ያንቀዋል። ከአንድ ኮምፒዩተር የሚነሣ የዊንዶውስ ማሻሻያ ይበቃል፤ በምሳ ሰዓት የሚከፈት ቪዲዮም ይበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ የሚከራየው መስመር በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ከእኛ ራውተር እስከ አገልግሎት ሰጪው መሣሪያ የተዘረጋው ገመድ ግን 100 ሜጋቢት የሚችል ነው። ራውተሩ ውሉን አላነበበም። የሚያየው ገመዱን ብቻ ስለሆነ መንገዱ ሰፊ ይመስለዋል፤ የመጣለትን ሁሉ ይለቃል። ጥበቱ ያለው ወዲያ ማዶ ነው። እዚያ ያለው መሣሪያ እስከ 4 ሜጋቢት ቆጥሮ ያሳልፋል፣ የተረፈውን ማቆያው ውስጥ ያከማቻል፣ ማቆያው ሲሞላ ይጥላል። 1 ሜጋባይት የሚይዝ ማቆያ በ4 ሜጋቢት መስመር እስኪፈስስ ድረስ ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል። ያን ቀን ፒንጌ ያባከናት ሁለት ሴኮንድ እዚያ ነበረች።

የኮምቦልቻ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስፋልት እኛ ጋ ሲደርስ ሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በባቲ በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ አንዱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ወደ ደሴ ይወጣል። ከተማው ውስጥ መንገዱ ሰፊ ነው። ሐረጎ ላይ ግን አንድ የተጫነ ተሳቢ ከፊት ከገባ ኋላ ያለው አምቡላንስም ሆነ ሚኒባስ በእሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ተሳቢው ወንጀል አልሠራም፤ ቀድሞ ተነሣ እንጂ።

መፍትሔው በባለሙያው ቋንቋ ትራፊክ ሼፒንግ ይባላል፤ ከራውተሩ የሚወጣውን ፍሰት መልክ ማስያዝ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ሁሌ የሚምታታ ፖሊሲንግ የሚባል ሌላ ነገር አለ። ልዩነታቸውን ለማስረዳት ከመናኸሪያችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንድ ሚኒባስ ትርፍ ጭኖ ከኮምቦልቻ ወጣ እንበል። ሐረጎን ሳይጀምር ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመውና ትርፉን ያስወርዳል። የሚወርደው ማን ነው? በሩ አጠገብ የተገኘው። ታማሚ ሊጠይቅ ይሂድ ወይ ሠርግ፣ ፖሊሱ አይጠይቅም፤ ሥራው መቁጠር ነው። የወረደው ሰው ደግሞ ወደ መናኸሪያ ተመልሶ እንደ አዲስ ይሰለፋል። አገልግሎት ሰጪው ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የተጣለው ፓኬትም ከላኪው እንደገና ይላካል። ሼፒንግ ግን ተራ አስከባሪው ነው። መናኸሪያው ውስጥ ይቆማል፣ መኪናው ሳይነሣ ሰው ይቆጥራል፣ የተረፈውን ለቀጣዩ ያቆያል፣ «ታማሚ ይዣለሁ» ያለውን ወደ ፊት ያሳልፋል። ሰልፉ አልጠፋም። ሰልፉ ግን የእኛ ግቢ ውስጥ ሆነ፤ ስለዚህ ማን ይቅደም የሚለውን የምንወስነው እኛ ሆንን።

ተራ አስከባሪው እንዴት ይቆጥራል? በቶክን ነው። አንድ ባልዲ አስቡ፤ በየተወሰነ ጊዜ የተወሰነ ቶክን ይጨመርበታል፤ ፓኬት የሚወጣው ክብደቱን የሚያህል ቶክን ከባልዲው ሲያገኝ ነው። ቶክን ካለቀ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። ራውተር ገመዱ ላይ ዝግ ብሎ መላክ አይችልም። ገመዱ 100 ሜጋቢት ከሆነ እያንዳንዱ ፓኬት የሚወጣው በ100 ሜጋቢት ፍጥነት ነው። የሚችለው ልኮ ማረፍ፣ ልኮ ማረፍ ነው። ለሒሳብ እንዲቀል ውሉን 4 ሜጋቢት ብለን ጊዜውን በ10 ሚሊ ሴኮንድ ብንከፋፍለው፣ በእያንዳንዷ ክፋይ 40,000 ቢት ይፈቀዳል። 1,500 ባይት ከሚመዝኑት ትልልቅ ፓኬቶች ሦስት ያህል መሆኑ ነው። ይህን ለማውጣት ራውተሩ 0.4 ሚሊ ሴኮንድ ይበቃዋል፤ የቀረውን 9.6 ሚሊ ሴኮንድ ዝም ይላል።

ክፋዩን በ125 ሚሊ ሴኮንድ ብታደርጉት በአማካይ ያው 4 ሜጋቢት ነው። ነገር ግን 500,000 ቢት በ5 ሚሊ ሴኮንድ ተፍቶ 120 ሚሊ ሴኮንድ ጸጥ ይላል ማለት ነው። ለፋይል ግልበጣ ምንም አይደለም። በዚያው መስመር ስልክ ለሚያወራ ሰው ግን ድምፁ እንደ ኩክኒ ይቆራረጥበታል። የመጀመሪያ ሙከራዬ እንዲህ ነበር፤ የደሴ ባልደረባዬ ደውሎ «አንተ፣ ውኃ ውስጥ ሆነህ ነው የምታወራው?» አለኝ።

ፍጥነቱንም በውሉ ልክ 4 ብዬ አልሞላሁትም፤ 3.8 ነው ያልኩት። ምክንያቱ እንደ ቅቤ ሚዛን ነው። ገበያ ላይ ቅቤውን ከነቅሉ የሚመዝን አለ፣ ቅሉን ቀንሶ የሚመዝን አለ። አገልግሎት ሰጪው ፓኬቱን ከነኢተርኔት ማሸጊያው ሊመዝነው ይችላል፤ የእኛ ራውተር ያለ ማሸጊያው ከመዘነው፣ እኛ ልክ ነን ስንል እነሱ ትርፍ አገኙብን ብለው ይጥላሉ። ጥቂት ዝቅ ማለቱ ይሻላል። በተለይ የገንዘብ ከፋዮች ጥያቄ ትንንሽ ፓኬት ስለሆነ ማሸጊያው ከውስጡ ብዙም አይለይም።

«ለምን መስመሩን አታሰፉትም?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የግድ የሚያስፈልገው ሥራ ራሱ ከ4 ሜጋቢት ካለፈ ማስፋት እንጂ ሌላ መላ የለውም። ሼፒንግ አንዲት ቢት አይጨምርም። ግን እኛ ከ2 ወደ 4 ያደግነው በቅርቡ ነበር፤ ሞልቶ ያገኘሁት ወር ሳይሞላ ነው። የፋይል ግልበጣ ጠባዩ ነው። ኢንተርኔት የቆመበት ቲሲፒ የሚባለው ሥርዓት ፓኬት እስኪጣልበት ድረስ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ ሲጣልበት ቀንሶ እንደገና ይጀምራል። የመስመሩን ወርድ የሚያውቀው ግድግዳውን በመግጨት ነው።

ይህ ጠባይ ራሱ ከመከራ የተገኘ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 አሜሪካ ውስጥ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ 360 ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች መሀል፣ በሴኮንድ 32 ሺሕ ቢት ያስተላልፍ የነበረው ፍሰት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሺሕ አልተረሳብኝም፤ አርባ ነው። ሁሉም ኮምፒዩተር የተጣለበትን ደጋግሞ እየላከ መንገዱን ዘጋው። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ባለሙያ ችግሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ጽሑፍ ነው ኮምፒዩተሮች መንገድ ሲጨናነቅ ራሳቸው እንዲቀንሱ ያስተማረው። ከመቀነስ ጋር ግን ማን ይቅደም የሚለውን አላስተማራቸውም። የካሜራ ቪዲዮና የመድኃኒት ገንዘብ ለቲሲፒ አንድ ናቸው።

በአገራችንም ጠባብ መስመር ላይ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ወረዳኔት በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 600 የሚጠጉ ወረዳዎችን ሊያገናኝ ሲዘረጋ፣ ከፊሉ በምድር መስመር፣ ከፊሉ በሳተላይት ነበር። በመሥሪያ ቤት ያለፋችሁ ወረዳኔት ሲባል ትዝ የሚላችሁ የቪዲዮ ስብሰባው ይሆናል፤ አዳራሽ ገብቶ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የሚመጣውን ምስል ማየት። ሳተላይቱ ከምድር 36 ሺሕ ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚቆም ጥያቄ ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ ድረስ በብርሃን ፍጥነት ራሱ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ምስልና ድምፅ ከሌላው ዳታ ጋር ካለ ተራ አስከባሪ አብረው ሊሄዱ አይችሉም። መስመሮቹ ዛሬ ወደ ፋይበር ቢዞሩም ችግሩ ራሱ አልተለወጠም።

ወደ ራሴ ቅርንጫፍ ልመለስ። ሥራውን በሁለት ደረጃ ነው ያቆምኩት። ላይኛው ደረጃ ጠቅላላውን በ3.8 ሜጋቢት ይገድባል። በሥሩ አራት ሰልፍ አለ። ስልክ አንደኛ ነው፣ ግን ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፤ አንድ ጥሪ በተለመደው አሠራር 80 ኪሎቢት ያህል ስለሚወስድ ለአራት ጥሪ ይበቃል። ገንዘብ ከፋዮች ቢያንስ ግማሹ ይጠበቅላቸዋል። የቢሮ ሥራና ኢሜይል ሩብ። ካሜራ፣ ማሻሻያ፣ የሠራተኛው ስልክ የተረፈውን። አንዱ ሰልፍ ባዶ ከሆነ ድርሻው ለሌላው ይሄዳል፤ ሌሊት ካሜራው ሙሉውን መስመር ቢወስድ ማንም አይቆጣውም። የሚቆጣጠረው ቀን፣ ሰልፍ ሲኖር ነው።

ኮንፊገሬሽኑን መጻፍ አንድ ከሰዓት በቂ ነበር። አስቸጋሪው ሰዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ እንደያዝኩ ሲሰማ ቢሮዬ የሚመጣው በዛ። ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና፣ «የቪዲዮ ስብሰባዬ ይቆራረጣል፤ ከስልኩ ጋር አንድ ላይ አድርግልኝ» አሉ። ቪዲዮ ከባድ እንደሆነ፣ ስልኩ ላይ ያደረግኩትን የ10 በመቶ ጣሪያ ካላነሣሁት እንደማይበቃው ነገርኳቸው። «እንግዲያው አንሣው» አሉ። አነሣሁት። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ የፈራሁት ሙያውን ሳይሆን ወንበሩን ነው። በማግሥቱ ስብሰባ ነበር። ጣሪያ የሌለው ቅድሚያ ሌላውን ሰልፍ አያስነካም፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ለ40 ደቂቃ ያህል መስኮቶቹ ላይ «ሲስተም የለም» ተባለ። እኔ የሠራሁት ተራ አስከባሪ ነበር ሲስተሙን ያጠፋው።

ጣሪያውን መልሼ ሳደርግ አላስፈቀድኩም። በኋላ ግን የአራቱን ሰልፍ ዝርዝር በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፌ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ የቪዲዮ ስብሰባ የራሱ ሰልፍ ተሰጥቶት ከገንዘብ ከፋዮች በታች። አንብበው ዝም አሉ፣ ቆይተው ፈረሙበት። ከዚያ ወዲህ «የእኔን አስቀድምልኝ» የሚል ሲመጣ ወረቀቱን አሳየዋለሁ። ከራውተሩ ትዕዛዝ ይልቅ የጠቀመኝ እሱ ወረቀት ነው።

ግማሹ ሥራ ግን ከእጄ ውጭ ነበር። መናኸሪያ ላይ ተራ የሚያዘው ለሚወጣው መኪና ነው። ከደሴ የሚመጣውን ኮምቦልቻ ቆማችሁ ተራ ልታስይዙት አትችሉም። ካሜራው ከእኛ ወደ አዲስ አበባ ስለሚልክ ተገራ። ማሻሻያውና ቪዲዮው ግን ከዚያ ወደ እኛ ነው የሚመጣው፤ ሰልፉ የሚፈጠረው የእኛ ጠባብ መስመር በሚጀምርበት፣ በአዲስ አበባው ጫፍ ነው። የዋናው መሥሪያ ቤት መስመር ከእኛ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ሳያስበው ያጥለቀልቀናል። እዚያ ያለው ራውተር ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ በቅርንጫፉ ልክ የተለየ ገደብ ሊያወጣ ይገባል። ደብዳቤ ጻፍኩ። «መስመራችሁ ጠባብ ነው» የሚል መልስ መጣ። እንደገና ጻፍኩ፤ በዚህ ጊዜ የ10 ቀን የፒንግ መዝገብ አያይዤ።

እስኪስማሙ ድረስ ከራውተሩ ወደ ግቢው ኮምፒዩተሮች በሚወጣው በር ላይ የማሻሻያውን ፍሰት አዘገየሁት። ፓኬቱ ጠባቡን መስመር ከተሻገረ በኋላ ማቆየት ዘግይቶ እንደመንቃት ነው፤ ሆኖም ቲሲፒ መልሱ ሲዘገይበት ላኪው ራሱ ዝግ ይላል። ግማሽ መንገድ ይሄዳል። አዲስ አበቦቹ በመጨረሻ ሠሩት። ከዚያ ወዲህ በሥራ ሰዓት ፒንጉ ከ30 ሚሊ ሴኮንድ ሲያልፍ እምብዛም አላየሁም።

ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። መንገድ የሚቆፍር ማሽን ፋይበሩን ሲበጥሰው የሚያስተካክሉት ወረፋ የለም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስም ስለ ሚሊ ሴኮንድ ያሰበ አልነበረም። ያን ጊዜ «ሲስተም የለም» ማለት እውነት ነው። የሚያናድደኝ መስመሩ እያለ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሰው ከገጠር መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ እንግዳ መጥቶልኛል። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ በቅርንጫፋችን ተጀምሯል። የጣት አሻራና የፊት ምስል ስለሚይዝ የአንድ ሰው ምዝገባ ከአንድ የገንዘብ ማውጫ ጥያቄ እጅግ ይከብዳል፤ ተመዝጋቢው ደግሞ ከበሩ ውጭ ድረስ ተሰልፏል። መዝጋቢዋ ልጅ፣ «የኔ ሰልፍ ነው የሚረዝመው፣ አስቀድመኝ እንጂ» ብላ ቢሮዬ ድረስ መጣች። እውነቷን ነው፣ ረጅም ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ግማሽ ቀን አየሁ። ሰውየው አሻራውን ሰጥቶ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ይሄዳል፤ መረጃው ከመሣሪያው ወደ ማዕከል ሲላክ እሱ ቤቱ ገብቷል። መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ከካሜራው በላይ፣ ከኢሜይሉ በታች አደረግኩት፤ ወረቀቱ ላይም አንድ መስመር ጨመርኩና ለፊርማ ወሰድኩ። «አኩርፌሃለሁ» ብላኛለች። ቡና ልጋብዛት ነው።